የትምህርት ቤት ግቢን ለወፍና ለንብ ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከተማሪዎቼ ጋር በአጥሩ ጥግ ከልለን የተውነው አደይ አበባ ጳጉሜን ላይ እንቡጥ ይዞ ነበር። በማግስቱ ስመጣ ግቢው ከዳር እስከ ዳር ታጭዷል። አትክልተኛችን ጥፋት የለባቸውም፤ ትምህርት ሊከፈት ሲል ሣሩን ማጨድ የየዓመቱ ሥራቸው ነው። ያ ጥግ ለምን እንደተተወ አልነገርናቸውም ነበር።

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፦ ዕቅዱን መምህራን ብቻቸውን ጨርሰው ለአትክልተኛው፣ ለጥበቃውና ለጽዳት ሠራተኛዋ በትእዛዝ መልክ ማስተላለፍ። አደይ አበባ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ነው፤ ዘሩ ሳይረግፍ ከታጨደ ለከርሞ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ከችግኝ ግዢ በፊት የማጨጃውን ቀን ማጭዱን ከሚይዘው ሰው ጋር ተነጋግሮ መወሰን ይገባል። እኛ ለዚያ ጥግ ኅዳርን መረጥን።

ሁለተኛው፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ በር አጠገብ መትከል ነው። ወፍ መጠለያ ትፈልጋለች፤ ጥበቃው ደግሞ ሌሊት አጥሩን አሻግረው ማየት አለባቸው። ቀጋም ሆነ ግራዋ የት ቢተከል እንደማይጋርድባቸው እርሳቸውን ይዞ ግቢውን መዞር ነው።

በስሙ ተስቦ የወፍ ቆሎ የሚተክልም አለ። ተክሉ ከአሜሪካ አህጉር የመጣና በቀላሉ የሚዛመት ነው፤ ያልበሰለ ፍሬው ደግሞ ለሕፃናት አደገኛ ነው። የአገራችን እሬት እያለ ምን አስቸኮለን? ሲያብብ ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ አንዲት ትንሽ ወፍ ግንዱን ጨብጣ ቀጭን ቆልማማ ምንቃሯን አበባው ውስጥ ሰክታ ማር ስትቀስም፣ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲመለከቱ። ለንቦች ግራዋና ብሳና ይበቃሉ፤ ቀፎ ግን ልጆች ወደሚሯሯጡበት ግቢ አይግባ።

የውኃ ሳህንም ጥልቅ መሆን የለበትም፤ ከአራት ወይም ከአምስት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለትናንሽ ወፎች አስጊ ነው፣ መሐሉ ላይም መቆሚያ ድንጋይ ይደረግበት። በየሁለት ሦስት ቀኑ ካልተቀየረ የወባ ትንኝን ጨምሮ የትንኞች መራቢያ ይሆናል። ይህን ሥራ ለጽዳት ሠራተኛዋ ስንጨምርባት ሌላ ልንቀንስላት ይገባል። ለምሳሌ ከዛፍ ሥር የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ማቃጠል ይቅር፤ ሸረሪትና ትላትል የሚኖሩት፣ ወፎችም ጭረው የሚለቅሙት እዚያ ውስጥ ነው።

ለክረምቱ አለማሰብም ሌላ ስህተት ነው። ተማሪም መምህርም ሲበተን ግቢው በሠራተኞቹ እጅ ይቀራል፤ አንዳንዴም ግቢውን የማያውቅ የቀን ሠራተኛ ለአጨዳ ይመጣል። የወረቀት ማስታወቂያ ለጥፈን በዝናብ ረጥቦ ወደቀ። መፍትሔውን ያመጡት አትክልተኛው ናቸው፦ ድንጋዮችን በኖራ አንጥተው በጥጉ ዙሪያ ደረደሯቸው። ባለፈው መስከረም አደዩ ከድንጋዮቹ መስመር ወዲያ ሳይነካ አበበ።