የሞተር ታንከር በግቢያችሁ ስትቀቡ፦ ለጅማ አየር የሚሆን አሠራር

ጅማ ላይ ሞተር ለመቀባት ከቀለሙ በፊት ወሩ ይመረጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ሆኖ ስለሚውል አዲስ ቀለም ሲደርቅ ይነጣል፤ የተፋቀ ብረትም አንድ ሌሊት ሳይሞላው ይዝጋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ችግሩ ያው ወቅት ቡና የሚሰጣበትና የሚፈለፈልበት መሆኑ ነው፤ ገለባው ይበናል፣ ባጃጅ ያለፈበት ኮረኮንች ሁሉ ይጨሳል። ስለዚህ ለመርጨት ጥሩው ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ብረቱ የሌሊቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ስለሆነ ዓይን የማያየው ጤዛ ያርፍበታል። ታንከሩን ከማታው ጀምሮ ሙቀት ባለበት ክፍል አሳድሩት።

ሥራ ሳትጀምሩ ሊብሬውን ተመልከቱ። የሞተሩ ቀለም እዚያ ላይ ተመዝግቧል፤ ቀይ ቦክሰር ጥቁር ሆኖ ከወጣ ትራፊክ ፖሊስ ፊት የሚያከራክራችሁ ነገር አይጠፋም። ቀለም የምትለውጡ ከሆነ አስቀድማችሁ የትራንስፖርት ቢሮውን ጠይቁ። ቴላዮውንም (ሞተሩን የተሸከመውን ብረት) የምትቀቡ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ እንጂ አትፈግፍጉት።

የቀለሙ ዓይነት ላይ ብዙ ሰው ገንዘብ ሊቆጥብ ብሎ ይሳሳታል። ኒትሮ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በየቀለም ቤቱ አለ። ግን ቤንዚን ያሟሟዋል። ነዳጅ ስትሞሉ አንድ ጠብታ ከክዳኑ ሥር ከፈሰሰ ቀለሙ ይለሰልስና በጨርቅ ስትጠርጉት አብሮ ይነሳል። ለታንከር፣ ከቀለሙ በላይ የሚለብሰው ክሊር (ቀለም የሌለው ማብረቂያ) ቱኬ፣ ማለትም ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት ዓይነት መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ጅማ ካጣችሁት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአዲስ አበባ ይመጣላችኋል። ሃርድነሩን በትንሽ ጣሳ ግዙ፤ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ስለሚያበላሸው አንዴ የተከፈተ ጣሳ ሲቆይ ይረጋል። ለታንከር፣ ለሁለት የጎን ክዳንና ለፊትና ለኋላ ፓራፋንጎ ለመርጨት የተዘጋጀ ግማሽ ሊትር ቀለም፣ ግማሽ ሊትር ክሊርና ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ፕራይመር (ከቀለሙ ሥር የሚለብሰው) ይበቃል።

ኮምፕረሰር ከሌላችሁ በርጩማና ወንበር የሚሠሩ የእንጨት ሥራ ቤቶች አላቸው፤ ማከራየት የሚፈልግ አይጠፋም። ከመጠቀማችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ቡሎን ፈታችሁ የተጠራቀመውን ውሃ አፍስሱ። ጅማ ላይ ይህን ያልለመደ ኮምፕረሰር ቡናማ ውሃ ይተፋል። ውሃ ማጣሪያውን ኮምፕረሰሩ አፍ ላይ አትግጠሙት፤ አየሩ ትኩስ ስለሆነ ውሃው ተን ሆኖ ያልፋል። 8 ወይም 10 ሜትር ጎማ ተጉዞ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ወደ መርጫው ጠጋ ብሎ ሲገጠም ነው የሚሠራው።

አሁን ታንከሩ። ባዶ የቤንዚን ታንከር ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተደባለቀው ተኑ ነው። ቤንዚኑን ቅዱ፣ ከሥሩ ያለውን የነዳጅ መክፈቻና የነዳጅ መለኪያውን ፍቱ፣ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ሦስት አራት ጊዜ እያናወጣችሁ እጠቡ። የተበሳ ታንከር ብየዳ ለለመደ ባትላሜራ (የቆርቆሮ ሠራተኛ) ይሰጥ፤ እሱም ቢሆን እስከ ቀዳዳው ሥር ውሃ ሞልቶ ነው መሥራት ያለበት። የቡና ከሰል በተያያዘበት ግቢ ይህን ሥራ አትንኩ። የቤንዚንም የቲነርም ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ከሰሉን ያገኘዋል።

ውስጡ ከዛገ ቀለሙ ሳይጀመር ይጽዳ። ነጭ አቼቶ ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሩ፣ አንድ እፍኝ ዳዶ ጨምራችሁ አናውጡ፣ አፍስሱ። ከዚያ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ እጠቡትና ወዲያው በሞቀ አየር አድርቁት። ዳዶዎቹን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። ደርቆ እንዲሁ ከተተወ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ቀይ ስለሚሆን ትንሽ የሞተር ዘይት አዙሩበት፤ ውጩን ግን አይንካው።

የድሮው ቀለም ምን እንደሆነ ለማወቅ ቲነር የነካ ጨርቅ ከሥር በኩል አሹበት። ከሟሟ ኒትሮ ነው፤ ከተሸበሸበ የዘይት ቀለም ነው፤ ሁለቱም እስከ ብረቱ መነሳት አለባቸው። ምንም ካልሆነ በ320 ብርጭቆ ወረቀት አሻክራችሁ በላዩ መቀባት ይቻላል። እስከ ብረት ስትፍቁ በ80 ጀምራችሁ በ180 ጨርሱ፣ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር አልብሱ።

ጉድጓድ የሚሞላበት ስቱኮ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ሃርድነሩ ነው፤ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ብቻ ነው የሚገባው። ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ ሲበዛ ቀዩ ነገር ከወራት በኋላ በቀለሙ ውስጥ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ውሃ ነው። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ በውሃ የታሸ ስቱኮ ላይ ቀለም ሲለብስበት እርጥበቱ ታፍኖ ይቀርና ፀሐይ ሲመታው ይቋጥራል። ስለዚህ ስቱኮ በደረቁ ብቻ ይታሻል፤ ውፍረቱም ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ከዚህ የጠለቀ ጉድጓድ የባትላሜራ ሥራ ነው።

የጎን ክዳኖቹ ፕላስቲክ ናቸው። ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ታትሟል። ካልታተመ ከማይታይ ጠርዝ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ውሃ ላይ ጣሉት። ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ሊሆን ስለሚችል የፕላስቲክ ፕራይመር ካላገኘ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ከሰመጠ ኤቢኤስ መሆኑ አይቀርም፤ እሱን ደግሞ ኃይለኛ ቲነር ይሰነጥቀዋል፣ በቲነር አትጥረጉት፣ በሳሙና እጠቡት።

በስቱኮውና በኢፖክሲው ላይ ቱኬ ፕራይመር 2 ወይም 3 ጊዜ ይረጫል፤ በየመሐሉ 10 ደቂቃ ይጠበቃል። ልኩን ከጣሳው ጽሑፍ ውሰዱ፤ ብዙዎቹ 4 እጅ ፕራይመር ለ1 እጅ ሃርድነር ናቸው። ሲደርቅ ጥቁር ስፕሬይ በስሱ ነፋ አድርጉበትና በ400፣ ከዚያ በ600 በውሃ እሹ። ጥቁሩ ነጥብ የቀረበት ሁሉ ገና ጎድጓዳ ነው። ፈግፍጋችሁ ስቱኮው ከታየ ውሃውን ተዉት፣ አድርቁ፣ ፕራይመር ድገሙ።

ለቀለምና ለክሊር 1.3 ወይም 1.4 ኖዝል (የመርጫ አፍ)፣ መርጫው ላይ 2 ባር ያህል ግፊት። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ። እጃችሁ እንደ በር በክርን አይዙር፤ ከታንከሩ ጉብታ ጋር እኩል ይሂድ። ቀለም በስሱ 3 ጊዜ፣ በየመሐሉ እስኪደበዝዝ ጠብቁ። ክሊር 2 ጊዜ፤ የመጀመሪያው ቀለል፣ ሁለተኛው ሞላ ያለ። ቱኬ ሃርድነር አይሶሳይኔት አለበት፤ አስም ያመጣል። የጨርቅም የወረቀትም ማስክ አያግደውም። የተን ማጣሪያ ካርትሬጅ ያለው ማስክ፣ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ ሰው የሚያድርበት ክፍል ውስጥ፣ ሕፃናት ባሉበት ግቢም አይረጭም።

ክሊሩ ዓይን ዓይን ካወጣ ቅባት ነክቶታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ማስዋቢያ ሲልከን፣ የኮምፕረሰር ዘይት ወይም ፀጉር ቅባት የነካ እጅ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ ቀለሙ ወፍሯል ወይም ግፊቱ አንሷል። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካወጣ ሁለተኛው ክሊር ቸኩሏል። ኒትሮ የቀባችሁበት ፓራፋንጎ ወተት ከመሰለ እርጥበት ገብቶታል፤ ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ዘገምተኛ ቲነር በስሱ ነፉበት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ከተረጨ በኋላ ታንከሩን 24 ሰዓት አትንኩት። ማሸት ካስፈለገ ከ2 ቀን በኋላ በ2000 ወረቀትና በፖሊሽ ይሆናል። ቤንዚን ለመቻል ግን ሁለት ሳምንት ይስጡት። ስትገጥሙ የመክፈቻውን ጎሚኒ አዲስ አድርጉ፣ መጀመሪያ አንድ ሊትር ብቻ ሞልታችሁ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉና ጠዋት እርጥብ ነጥብ እንዳለበት እዩ።