ደም ፕላስቲክ ሲነካ፦ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ፕላስቲኩ ንጹሕ ነው፣ ደሙን ምን ያደርገዋል?» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጎንደር ውስጥ ለላብራቶሪ ተማሪዎች ሳስረዳ ከምጣድ ነው የምጀምረው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራውን ይይዘዋል አይደል? ደም ደግሞ የነካውን ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክና መሰሎቹን፣ ራሱ ያሟሸዋል። በሰከንዶች ውስጥ ፕሮቲን ይለብስበታል፣ ሕዋሶቹ የሚያገኙትም ያንን ልባስ እንጂ ፕላስቲኩን አይደለም። ልባሱ ላይ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ካየለ ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ሕዋሶች) ብዙም አይጣበቁም። ፋይብሪኖጅን የሚባለው ሌላው ፕሮቲን ካየለ ግን ይይዛቸዋል፣ ይነቃሉ፣ ሌሎቹንም ይጠራሉ፣ ከዚያ ደሙ መርጋት ይጀምራል።

ቀጣዩ የራሴ ጥፋት ነው። አንድ የፖሊመር ቁራጭ ደም ውስጥ አቆይቼ ሕዋሶቹን ወደ ታች በሚያወርደው ማሽን በሴንትሪፊውጅ ሳዞረው፣ እንደ ብርዝ ቢጫ መሆን የነበረበት ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) የቀይ ሥር ውሃ መስሎ ወጣ፤ ቀይ ሕዋስ ሲፈነዳ ቀለሙ እዚያ ይፈስሳል። «ቀይ ሕዋስ ያፈነዳል» ብዬ መዝግቤ ልሄድ ስል፣ ምንም ያልነካውን ደም ባየው እሱም ቀልቷል! ለካ በቀጭን መርፌ የቀዳሁትን ደም፣ መርፌውን እንኳ ሳልነቅል ወደ ቱቦው በኃይል ገፍቼው ነበር። ከአዘዞ ፒያሳ በሚኒባስ እየተናጠ የሚመጣ ናሙናም እንዲሁ ጉድ ሊሠራችሁ ይችላል። ፖሊመር ያልገባበት ደም ጎን ለጎን ሳትይዙ በፖሊመሩ ላይ አትፍረዱ።

ባለ ወይን ጠጅ ክዳኑን ቱቦ ለመርጋት ሙከራ የሚጠቀሙም አሉ። ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ ካልሲየሙን አስሮታል፣ ያለ ካልሲየም ደግሞ ደም አይረጋም፤ «አልረጋም፣ ፖሊመሩ ጎበዝ ነው» ማለት ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ሄፓሪን የሚባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የበዛበት ደምም ያው ነው።

ፕላትሌት ልታዩበት ያሰባችሁትን ደም ፍሪጅ አታሳድሩ። ብርዱ ቅርጻቸውን ይቀይረዋል፣ በዚያው ቀን ሥሩት።

ደግሞ «ቀዩ ካልፈነዳ፣ ደሙም ካልረጋ አለቀ» አይባልም። የድሮዎቹ የሴሉሎስ ዲያሊሲስ (ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደሙን በማሽን ማጠብ) ማጣሪያዎች ቀዩን ሳይነኩ ኮምፕሊመንት የሚባለውን የመከላከያ ሥርዓት ይቀሰቅሱት ነበር። ሕክምናው በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ በደም ያሉት ነጭ ሕዋሶች ቁጥር ያሽቆለቁል ነበር፤ አልሞቱም፣ ሄደው የሳንባ ደም ሥሮች ላይ ይጣበቁ ነበር እንጂ። እንደ ፖሊሰልፎን ያሉት ሰው ሠራሽ ማጣሪያዎች ችግሩን በጣም ቀንሰውታል። እናንተም አዲስ ፖሊመር ስትሞክሩ ነጩንም ቁጠሩ።