ድምፅ አልባ ፊልም ሲኒማ ቤት ገብተው ሲመለከቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2011 ለእይታ የበቃው «ዘ አርቲስት» የተባለው ድምፅ አልባ የፈረንሳይ ፊልም በብሪታንያ መታየት በጀመረ ሰሞን፣ ትኬት ቆርጠው ከገቡ በኋላ ተዋናዮቹ እንደማይናገሩ ሲረዱ ወጥተው ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው የጠየቁ ጥቂት ተመልካቾች እንደነበሩ ጋዜጦች ጽፈዋል። ይኸው ፊልም ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት፣ የምርጥ ፊልምን፣ የምርጥ ዳይሬክተርንና የምርጥ ወንድ ተዋናይን ጨምሮ አምስት ሽልማቶችን ወሰደ። ሰዎቹ የተሳሳቱት በፊልሙ ላይ በሰጡት ፍርድ ሳይሆን የሚያዩት ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ በመግባታቸው ነው፤ ንግግር ሊሰማ የተዘጋጀ ጆሮ ሲያጣው ይቆጣልና።

ሁለተኛው ስህተት ፊልሙን እንደ አሮጌ ወይም እንደ ተበላሸ ቅጂ መቁጠር ነው። ስክሪኑ ግራና ቀኙ ጠቁሮ ምስሉ መሀል ላይ ተሰብስቦ ሲታይ፣ ፕሮጀክተሩ የተሳሳተ መስሎት ሠራተኛ ፍለጋ የሚነሣ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ዳይሬክተሩ ሚሼል ሃዛናቪሲየስ የምስሉ ወርድ ከቁመቱ በአንድ ሦስተኛ ብቻ እንዲበልጥ ያደረገው፣ ታሪኩ የሚተረክበትን ከ1927 እስከ 1932 ያለውን የሆሊዉድ ዘመን የስክሪን ቅርጽ ስለፈለገ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ የተቀረጸው በቀለም ሲሆን ወደ ጥቁርና ነጭ የተለወጠው በኋላ ነው። ካሜራውም በሴኮንድ በተለመደው 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ፋንታ 22 ፍሬም እንዲቀርጽ ተደርጎ ነበር፤ በዚህ መንገድ የተቀረጸው በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው በጥቂቱ ይፈጥናል፤ ተዋናዮቹ ሲራመዱና ሲደንሱ የሚታይባቸው ቅልጥፍና ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ቀለም ጎደለ ብሎ ማዘንም አይጠቅምም። ፊልሙ ከወሰዳቸው አምስት ኦስካሮች አንዱ የአልባሳት ንድፍ ሽልማት መሆኑን ልብ ይሏል። ቀይና ሰማያዊ በማይለዩበት ምስል ውስጥ ዓይን የሚፈልገው ጨርቁ ብርሃንን እንዴት እንደሚመልስ፣ የቱ እንደሚያብረቀርቅና የቱ ብርሃን ውጦ እንደሚቀር ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን «የሚነገር ነገር የለም» በሚል ጸጥታውን ለወሬ እንደተሰጠ ፈቃድ መቁጠር ነው። ንግግር ባለው ፊልም መካከል የሚንሾካሾክ ሰው ድምፁ በተዋናዮቹ ድምፅ ይሸፈንለታል፤ እዚህ ግን ላስቲክ መክፈት እንኳ ከሦስት ረድፍ በኋላ ይሰማል። ደግሞም ድምፅ አልባ የሚለው ስያሜ ራሱ ያሳስታል። በድሮው ዘመን እንኳ አዳራሾቹ ጭር ያሉ አልነበሩም፤ ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ ትልልቆቹ ቤቶችም ሙሉ ኦርኬስትራ ነበራቸው። በዚህ ፊልም ሉዶቪክ ቡርስ የደረሰው ሙዚቃ የንግግሩን ሥራ ተረክቧል፤ የዋናውን ገጸ ባሕሪ ኩራትና ውርደት የሚነግረን እርሱ ነው። ሙዚቃው ሲቆም ደግሞ መቆሙ ራሱ ትርጉም አለው። የንግግር ፊልም መምጣቱን የሰማው የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይ፣ ዣን ዱዣርዳን የሚጫወተው ጆርጅ ቫለንቲን፣ በልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ተቀምጦ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር፣ ብርጭቆው ኳ ይላል። እስከዚያ ድረስ ከሙዚቃ በቀር ምንም ያልሰማ ተመልካች ከጆርጅ እኩል ይደነግጣል። ሰውየው ብርጭቆውን ደግሞ አንሥቶ ያኖረዋል፤ ደግሞ ይሰማል። ሊጮኽ አፉን ሲከፍት ግን የገዛ ድምፁ አይወጣም። በዚያች ደቂቃ ከጎረቤቱ ጋር ሲያወራ የነበረ ሰው፣ ብርጭቆው ድምፅ ማውጣቱን እንኳ ሳያውቅ ያልፈዋል።

የተዋናዮቹን ከንፈር እየተከተሉ እያንዳንዱን ቃል ለማወቅ መጣርም ድካም ብቻ ነው። በስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ጽሑፍ ተዋናዮቹ የሚሉትን ሁሉ አይዝም፤ የቀረው ከፊትና ከእጅ እንዲነበብ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ቤሬኒስ ቤዦ የምትጫወታት ወጣቷ ተዋናይ ፔፒ ማንም በሌለበት ወደ ጆርጅ ክፍል ገብታ፣ መስቀያው ላይ ከተንጠለጠለው ኮቱ አንዱ እጅጌ ውስጥ ክንዷን አስገብታ በዚያ እጅ የራሷን ወገብ ታቅፋለች፤ ከሩቅ ሲያዩት የሚያቅፋት እርሱ ይመስላል። ለዚህ ትዕይንት ምን ዓይነት ጽሑፍ ይበቃው ነበር? ስልክን ለአምስት ሴኮንድ ማየት እዚህ ውድ ዋጋ የሚያስከፍለውም ስለዚሁ ነው፤ ንግግር ባለው ፊልም ዓይን ሲዘናጋ ጆሮ ይጠብቅልናል፤ እዚህ ግን ተተኪ ጠባቂ የለም። ጽሑፉን ለጎረቤት ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ፣ በአሳቢነት የሚደረግ ቢሆንም፣ አዳራሹን ሁሉ ይረብሻል።

አንዳንዱ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት «ትወናው ተጋንኗል» ብሎ ይደመድማል። የተጋነነው የሚታየው ግን በፊልሙ ውስጥ በሚታየው ሌላ ፊልም ላይ ነው፤ ጆርጅ ከዚያ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ትወናው ይሰክናል፤ ልዩነቱን ማስተዋል የጨዋታው አካል ነው።

በመጨረሻ፣ ጸጥ በሉ ስለተባለ ሳቅን አፍኖ የሚቀመጥ ተመልካችም ያጋጥማል፤ ይህ ከጥንቃቄ የመጣ ስህተት ነው። ቀልድ በተሞላ የንግግር ፊልም አዳራሹ ሲስቅ ቀጣዩ ንግግር ይዋጣል፤ በድምፅ አልባ ፊልም ግን ሳቅ የሚሸፍነው ቃል የለም። ስለዚህ የጆርጅ ውሻ የሞተ መስሎ ሲወድቅ ሕዝቡ እስኪጠግብ ቢስቅ ማንም የሚያመልጠው ነገር አይኖርም።