ዳታን በፓይተን አስቀምጦ ሳይበላሽ መልሶ ለማንበብ

ፋይል ሴቭ ማድረግ ቀላል ነው። ከባዱ፣ ያስቀመጡት ዳታ ሲከፈት ያው ራሱ ሆኖ መገኘቱ ነው። የዝናብ ልኬት ሰንጠረዥ ይዘን በፓይተንና ሰንጠረዥ በሚያስተናግደው የፓይተን ጥቅል በፓንዳስ እንየው። አራት አምዶች አሉት፦ የጣቢያ ኮድ፣ የጣቢያ ስም፣ ቀን እና ዝናብ በሚሊ ሜትር።

መጀመሪያ የየአምዱን ዓይነት (ጽሑፍ፣ ቁጥር ወይስ ቀን) ወስኑ። ሲኤስቪ፣ ማለትም እሴቶቹ በኮማ የተለያዩበት ፋይል፣ የአምዶቹን ዓይነት አይይዝም፤ ውስጡ ያለው ተራ ጽሑፍ ነው። «0042» የሚል የጣቢያ ኮድ ተመልሶ ሲነበብ 42 ይሆናል። ፓንዳስ ቁጥር ይመስለውና ዜሮዎቹን ይጥላቸዋል። የስህተት መልእክት የለም። ጉዱ የሚወጣው በኮዱ አማካይነት ከሌላ ፋይል ጋር ልታገናኙት ስትሞክሩ ነው።

ከዚያ አስቀምጡት። ሰንጠረዡን ወደ ፋይል የሚጽፈውን የፓንዳስ ትእዛዝ «ቱ ሲኤስቪ»ን ስትጠሩ «ኢንዴክስ»ን «ፎልስ» አድርጉት። አለዚያ የረድፍ ቁጥሮቹም አብረው ይጻፉና በኋላ ያላሰባችሁት አምድ ይመጣባችኋል። የጣቢያ ስሞቹ በአማርኛ ከሆኑና ፋይሉን በኤክሴል የሚከፍት ሰው ካለ፣ ኢንኮዲንጉን (ፊደሎቹ በፋይሉ ውስጥ የሚወከሉበትን ስልት) «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በሉት። ካልሆነ ፊደሎቹ የማይነበቡ ምልክቶች ሆነው ሊመጡ ይችላሉ።

መልሳችሁ ስታነቡ «ሪድ ሲኤስቪ» ላይ በ«ዲታይፕ» የኮዱ አምድ ጽሑፍ መሆኑን ንገሩት። የቀኑን አምድ ደግሞ በ«ፓርስ ዴትስ» አሳውቁት።

እዚህ ጋ የኛ አገር ዳታ የራሱ ጣጣ አለው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተመዘገበ ፓይተን 13ኛ ወር አያውቅም። አንዲት ጳጉሜን 3 ካለች ቀኑን መተርጎም ያቅተውና አምዱን በሙሉ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ይሄስ ደግ ነው፣ ቢያንስ ይታወቃል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ ሲያልፍ ነው። «2016-11-15» ለኛ ሐምሌ 15 ነው፤ ለፓይተን ግን ኖቬምበር 15 ነው። የክረምቱ ዝናብ በበጋ የዘነበ ይመስላል፤ ግራፉም ያምራል፣ ግን ውሸት ነው። ስለዚህ ከማስቀመጣችሁ በፊት ቀኑን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቀይሩት። የመጀመሪያውንም ቀን አትሰርዙት፣ በሌላ አምድ በጽሑፍነቱ ይቆይ።

ፋይሉን የምትጠቀሙት በፕሮግራም ብቻ ከሆነ ከሲኤስቪ ይልቅ ፓርኬ የሚባለውን የፋይል ዓይነት እመርጣለሁ፤ የአምዶቹን ዓይነት አብሮ ያስቀምጣል። ሰንጠረዥ ላልሆኑ የቁጥር ድርድሮች ነምፓይ የተባለው የፓይተን የቁጥር ጥቅል «ሴቭ ዜድ» ይበቃል። ዳታው በጣም ከገዘፈ ኤችዲኤፍ5 የሚባል የፋይል ዓይነት አለ። እሱ ላይ መለኪያው ሚሊ ሜትር መሆኑን እዚያው ፋይሉ ውስጥ መጻፍ ይቻላል፤ ከዓመታት በኋላ ለሚከፍተው ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ፒክል የሚባለው የፓይተን የራሱ ማስቀመጫ ግን ለራሳችሁ ጊዜያዊ ሥራ ይሁን። ከማታውቁት ሰው የመጣ የፒክል ፋይል በፍጹም አትክፈቱ፤ ሲከፈት ኮምፒውተራችሁ ላይ የፈለገውን ኮድ ሊያስኬድ ይችላል።

በመጨረሻ፣ ፋይሉን ወዲያው መልሳችሁ አንብቡና ማህደረ ትውስታ ላይ ካለው ጋር አወዳድሩ። በተራው የእኩል ምልክት አታወዳድሩ። ልኬት ያልተወሰደበት ባዶ ቦታ «ናን» ተብሎ ይቀመጣል፣ ናን ደግሞ ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። ለዚህ የፓንዳስ «አሰርት ፍሬም ኢኳል» አለ። በተመሳሳይ ቦታ ያሉ ናኖችን እኩል አድርጎ ይቆጥራል፣ የአምዶቹንም ዓይነት ያያል። ዝም ካለ ሰንጠረዦቹ፣ በጣም ጥቃቅን ከሆነ የአስርዮሽ ልዩነት በቀር፣ አንድ ናቸው፤ ካልሆነ የቱ አምድ እንደተለየ ይነግራችኋል።