ጄኔራል ሳይኮሎጂን በርቀት ስትማሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የርቀት ተማሪ ኑሮ ይታወቃል። ቀን ሥራ፣ ማታ ልጅና ቤት፣ ሁሉም ሲተኛ ሞጁል። እኔም ጄኔራል ሳይኮሎጂን የተማርኩት እንደዚያ ሆኜ ነው። ኮርሱን በጣም ወድጄዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን በከንቱ አልፈውብኛል። የሚቆጨኝ፣ እንዴት ማጥናት እንዳለብኝ የሚነግረኝ ምዕራፍ እዚያው ሞጁሉ ውስጥ መኖሩ ነው። ስለ ማስታወስ የሚያወራውን ክፍል ለፈተና ብዬ አነበብኩት እንጂ ለራሴ ብዬ አላነበብኩትም።

ደጋግሞ ማንበብን እንደ ጥናት መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ሞጁሉን እናነባለን። በሃይላይተር ቢጫ እናደርገዋለን። እንደገና እናነባለን። በሦስተኛው ላይ ሁሉንም ያወቅነው ይመስለናል። የለመድነው ግን ገጹን ነው። ፈተና ላይ ገጹ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በደንብ አሳይተዋል። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ተሰጣቸው። ገሚሶቹ ደጋግመው አነበቡት። ሌሎቹ አንብበው ካስቀመጡት በኋላ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ራሳቸውን የፈተኑት በብዙ በለጧቸው። ደጋግመው ያነበቡት ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ እናስታውሳለን ብለው በራሳቸው ተማምነው ነበር።

ስለዚህ አንድ ንዑስ ርዕስ አንብቡና ሞጁሉን ዝጉት። ባዶ ወረቀት ላይ የገባችሁን ጻፉ፤ በአማርኛም ይሁን። ከዚያ ከፍታችሁ አስተያዩ። መጀመሪያ ሦስት መስመር ብቻ ሊወጣችሁ ይችላል። አትደንግጡ፤ ቀጥሎ የትኛውን ማንበብ እንዳለባችሁ የሚያሳያችሁ የጎደለው መስመር ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን የራስ መፈተኛ ጥያቄዎችም መልሳቸውን ቀድማችሁ ሳታዩ ሥሯቸው።

ሁሉንም ለመጨረሻዋ ሳምንት ማቆየት

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየያዘ፣ ስንቱን እንደረሳ ራሱ ላይ ሞከረ። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። መርሳት መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፤ በኋላ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ጊዜ ወስዶ በየመሃሉ መከለስ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከማጨቅ ይሻላል። ቅዳሜ 5 ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ፣ በሳምንቱ ውስጥ አንድ አንድ ሰዓት ያዙ። ሰኞ ያነበባችሁትን ረቡዕ ሳታዩ ጻፉት፤ በሳምንቱ ደግሞ ድገሙት።

ዓረፍተ ነገሩን መሸምደድ

የብዙዎቻችን ሞጁል በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ሳንይዝ ቃሉን እንይዛለን። ምሳሌው ተቀይሮ ሲመጣ ግን ግራ እንጋባለን።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ፤ ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት። ስሙን ሲሰሙት ቅጣት ይመስላል። አይደለም። እዚህ ላይ ፖዘቲቭ መጨመር፣ ኔጋቲቭ መቀነስ ነው። ከጥሩና ከመጥፎ ጋር አይገናኝም። ሪኢንፎርስመንት ድርጊቱ እንዲደጋገም ያደርጋል። ፐኒሽመንት ደግሞ እንዲቀንስ ያደርጋል።

አሁን ወደ ቤታችን እናምጣው። ልጁ የቤት ሥራውን ስለጨረሰ ከረሜላ ሰጣችሁት፤ ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ መጨረስ ጀመረ። የሚወደው ነገር ተጨመረ፣ ድርጊቱ በረታ። ፖዘቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነው። ራሳችሁን አሟችሁ ክኒን ወሰዳችሁ፤ ሕመሙ ለቀቃችሁ። ሌላ ጊዜም ሲያማችሁ ወደ ክኒኑ ትሄዳላችሁ። የሚያሠቃየው ተቀነሰ፣ ድርጊቱ በረታ። ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት ማለት ይሄ ነው። ቁንጥጫስ? የሚያም ነገር ተጨመረ፣ ልጁ ድርጊቱን ተወ። ስለዚህ ፖዘቲቭ ፐኒሽመንት ነው። ስልኩን ብትነጥቁትና ቢታረም ኔጋቲቭ ፐኒሽመንት ይሆናል። ቁንጥጫ ፖዘቲቭ መባሉ መጀመሪያ ለጆሮ ይከብዳል፤ እኔም ቁንጥጫን እየመከርኩ አይደለም። ግን በዚህ ከያዛችሁት አትረሱትም።

ለሌሎቹም እንዲሁ አድርጉ። ከምግብ በፊት የሚሰማውን ድምፅ ለምዶ በድምፁ ብቻ ምራቁ የሚመጣውን የፓቭሎቭን ውሻ ብቻ አትያዙ። የሙቀጫ ድምፅ ሲሰማ ምራቁ የሚሞላ ቡና ወዳድ ጎረቤት ካላችሁ፣ ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ (አንድ ነገር ከሌላው ጋር ተደጋግሞ ሲመጣ ለእሱም ምላሽ መስጠት መልመድ) እዚያ አለ።

የምርምር ዘዴውን ክፍል መዝለል

ይደብራል ተብሎ ይዘለላል። እኔ ግን የኮርሱ ልብ እሱ ነው እላለሁ። ክረምት ላይ ዣንጥላ የያዘ ሰው ሲበዛ የታክሲ ሰልፍም ይረዝማል። ሰልፉን ያመጣው ዣንጥላው ነው? አይደለም፤ ሁለቱንም ያመጣው ዝናቡ ነው። ኮሪሌሽን (ሁለት ነገሮች አብረው መለዋወጣቸው) ብቻውን ምክንያት አይሆንም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሙከራ ለምን እንደሚያስፈልግ ማየት ከፈለጋችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የሠሩትን ተመልከቱ። ተማሪዎች የመኪና ግጭት በፊልም አዩ። ከዚያ ስለ ፍጥነቱ ተጠየቁ። ለአንዳንዶቹ መኪኖቹ «ሲነካኩ»፣ ለሌሎቹ «ሲላተሙ» የሚል ዓይነት ቃል ገባበት። ከባዱን ቃል የሰሙት የበለጠ ፍጥነት ገመቱ። የተለየው ቃሉ ብቻ ስለሆነ፣ ለውጡን ያመጣው ቃሉ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ከተረዳችሁ ሌሎቹን ጥናቶች በሌላ ዓይን ታነባላችሁ።

ራስንና ቤተሰብን መመርመር

ስለ አእምሮ ሕመም የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ምልክቶቹ ሁሉ እናንተ ላይ ያሉ ይመስላችኋል። ቀጥሎ ባለቤታችሁ ላይ፣ ከዚያ አለቃችሁ ላይ ታያላችሁ። ይሄ የሕክምና ተማሪዎችንም የሚያጋጥም የታወቀ ነገር ነው። ማዘንና መጨነቅ የሰው ሁሉ ነው። ባለሙያ የሚያየው ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ምን ያህል እንደከበደና ኑሮን እንዴት እንዳወከ ነው። አንድ የመግቢያ ኮርስ ሰውን ለመመርመር አያበቃም። እባካችሁ ዘመድ ላይ የሕመም ስም አትለጥፉ፤ ስሙ አብሮት ይቀራል። በእውነት የከበዳችሁ ነገር ካለ ግን ሞጁሉ ላይ መልስ አትፈልጉ፤ ወደ ባለሙያ ሂዱ።

ሳይኮሎጂን ፍሮይድ ብቻ ማድረግ

ስለ ስውር አእምሮ የጻፈው ኦስትሪያዊው ሐኪም ፍሮይድ አንድ ምዕራፍ ነው፤ ብዙው ሐሳቡም በሙከራ ለመፈተን አስቸጋሪ ነው። የሙከራ ሳይኮሎጂ አባት የሚባለው ጀርመናዊው ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕዚግ ላይ የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ ሲከፍት መንገዱ ሌላ ነበር፤ ሙከራ።

ብቻን መቅረት

ርቀት ማለት ብቸኝነት አይደለም። የሰው አሳይመንት መገልበጥም ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል እንጂ ያልገባችሁን ቦታ ይሸፍንባችኋል። እኔን የጠቀመኝ አንዲት የኮርስ ጓደኛ ማግኘቴ ነው። ሐሙስ ማታ ለ20 ደቂቃ እንደዋወላለን። እሷ አንድ ርዕስ ታስረዳኛለች፣ እኔም አንድ አስረዳታለሁ፤ ሞጁሉ ዝግ ሆኖ። ማስረዳት ያቃተኝን ቦታ በእርሳስ አከብበዋለሁ። ቅዳሜ ቱቶሪያል ላይ መምህሩን የምጠይቀው ያንን ነበር።