እሳቱ ይነዳል፣ ታንከሩ ግን አይሞቅም፦ የእንጨት ቦይለር ችግርና መፍትሄ

የምጽፈው በደጋ ከተሞች በየፔንሲዮኑና በየግቢው ስለሚሠራው፣ ያለ ፓምፕ ውሃው በራሱ ስለሚዞርበት የእንጨት ቦይለር ነው። ቦይለሩ ከታች፣ የሙቅ ውሃው ታንከር ከላይ። ታንከሩ መሙላቱን፣ ቫልቮቹ መከፈታቸውን አስቀድማችሁ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ እሳቱ በደንብ ይነዳል፤ ቦይለሩ ይንተከተካል፣ ይንጓጓል፤ ታንከሩ ቀዝቃዛ ነው።

ከምጠራባቸው ቤቶች አብዛኞቹ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው፤ ሁሉም ቦይለሩን ይረግማሉ። ቦይለሩ ግን ምንም አልሆነም። ውሃውን የሚያዞረው የሞቀው ቀልሎ ሲወጣ፣ የቀዘቀዘው ከብዶ ከታንከሩ ወደ ቦይለሩ በሚወስደው መመለሻ ቧንቧ ሲወርድ የሚፈጠረው ጉልበት ብቻ ነው፤ እሱም እጅግ ደካማ ነው። ከቦይለሩ አናት የሚነሳው ቧንቧ መንገድ ላይ ጎብጦ ከወረደ፣ ከሚሞቀው ውሃ የሚለቀቀው አየር ጉብታው ላይ ተከማችቶ መንገዱን ይዘጋል። ውሃውም ቦይለሩ ውስጥ እንደታሰረ ይፈላል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ መንጓጓቱ ከቆላው ቀድሞ ይጀምራል።

ቦታውን ለማግኘት እሳቱ እየነደደ ከቦይለሩ ጀምራችሁ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ቧንቧው እያስጠጋችሁ ተከተሉት። አትጨብጡት። ትኩሳቱ በድንገት የሚቆምበት ቦታ አየሩ የተኛበት ነው። ከዚያ እሳቱን አጥፉና ቧንቧውን በውሃ ልክ ለኩ።

አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ሙቁ ቧንቧ በበሩ ጉበን ላይ ተሻግሮ፣ እንደገና ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ታንከሩ ይወጣ ነበር። ባለቤቱ በሰው ምክር ቦይለሩን በአዲስ አስለወጡ፤ አዲሱም ያንኑ አደረገ። ጉበኑ ላይ የነበረውን ቆርጠን ቧንቧውን ግድግዳውን በስተን ሽቅብ ስናሳልፈው በዚያው ምሽት ክፍሎቹ ሙቅ ውሃ አገኙ። ደህናው አሮጌ ቦይለር ግን በቁራሌው ዋጋ ተሸጦ ሄዷል።

ከዚህ የበለጠ የሚያናድደኝ ከቦይለሩ አፍ ጀምሮ ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ የሚዘረጋ ሥራ ነው። ፒፒአር ለዘወትር የሚመከረው እስከ 70 ዲግሪ ለሚደርስ ውሃ ነው፤ ከእንጨት ቦይለር የሚወጣው ግን 90 ሊጠጋ ይችላል። ቧንቧው ይለሰልሳል፣ በማሰሪያዎቹ መካከል ይረግባል፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው ሁሉ ጉብታ በጉብታ ይሆናል። ርካሽ ነው ብላችሁ አትቀበሉ። ከቦይለሩ እስከ ታንከሩ ጋልቫናይዝድ ወይም መዳብ ይሁን፤ ዲያሜትሩ ከአንድ ኢንች አይነስ፤ በየሜትሩ ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር ይውጣ፤ ሹል መታጠፊያ አይብዛበት። መመለሻውም ከታንከሩ ግርጌ ሳያቋርጥ ቁልቁል ይውረድ። ጉብታው የማይቀር ከሆነ አናቱ ላይ የአየር ማስወጫ ይገጠም።

«ትናንት ይሠራ ነበር» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የከተማው ውሃ ሄዶ ሲመለስ ቧንቧው አየር ይዞ ይሞላል። ሽቅብ በሚሄድ ቧንቧ አየሩ በራሱ ይወጣል፤ ጉብታ ባለበት ግን ውሃ በመጣ ቁጥር ችግሩ አብሮ ይመጣል።

ውሃ በሌለበት ቀን አታንድዱ! በጋለ ባዶ ቦይለር ላይ ውሃ ከተለቀቀ ባንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው 1,600 እጥፍ ያህል ቦታ ይፈልጋል። እሳት እያለ ውሃው ካለቀ የውሃ ማስገቢያውን ዝጉ፣ ፍሙን አውጡ፣ ብረቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ውሃ አትልቀቁ። እንፋሎቱንና አየሩን ወደ ውጭ በሚያስወጣው መተንፈሻ ቧንቧ ላይም ቫልቭ አይገጠምም። ጣሪያውን ያረጥባል ተብሎ በጨርቅ የተወተፈ መተንፈሻ አይቻለሁ፤ ከሥሩ ሰዎች ይተኙ ነበር። መተንፈሻ አይዘጋም፣ አይደፈንም፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን።

ምልክት፦ ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ እንጨቱ ያልቃል፤ ውሃው ለብ ከማለት አያልፍም።

እርጥብ ባህር ዛፍ ነው። ግማሹ ሙቀት በጭስ ማውጫው ቢባክን እንኳ 200 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 5 ኪሎ ያህል ደረቅ ፍልጥ ይበቃል። እርጥቡ ግን ሙቀቱን የራሱን ውሃ በማትነን ይጨርሳል፤ ጭስ ማውጫውንም በቅጥራን ይለብጠዋል። ፍልጡ ከጣሪያ ሥር ነፋስ እያገኘ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ። ጭስ ማውጫውን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ።

ምልክት፦ ማታ የሞቀው ጠዋት ይቀዘቅዛል።

ታንከሩ ራቁቱን ነው። ፋይበር ግላስ አልብሱት፤ ቧንቧዎቹንም ጭምር።

ምልክት፦ እሳት ሲለኮስ ምድጃው ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል።

ቦይለሩ ሲሞቅ ካቆመ ጤዛ ነው። ካላቆመ ብየዳው ለቋል ወይም ላሜራው በዝገት ተበልቷል። ብየዳውን ጥሩ በያጅ ያድነዋል፤ የተበላ ላሜራ ላይ ግን ገንዘብ አትጨርሱ።

ምልክት፦ ቡናማ ውሃ።

የታንከሩን ግርጌ ከፍታችሁ ዝቃጩን እጠቡ። ከታጠበም በኋላ ካልጠራ ታንከሩ ከውስጥ ዝጓል፤ ይለወጥ።