ተማሪዎችን ለፎረንሲክ ሙከራ ደብረ ብርሃን ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከመሐል ሜዳ ተማሪዎችን ለፎረንሲክ፣ ማለትም የወንጀል ማስረጃን በሳይንስ ለመመርመር ሙከራ፣ አሳፍሮ ደብረ ብርሃን ድረስ መምጣት ወጪም ድካምም አለበት። ስለዚህ ቀኑ «ሌባውን ማን ቀድሞ ያዘ» በሚል ውድድር ብቻ ሲያልፍ ያሳዝናል።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ተማሪዎቹ ገና እንደደረሱ ለልምምድ ወደተዘጋጀው የወንጀል ስፍራ ተግተልትለው እንዲገቡ መፍቀድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በሊዮን ከተማ የፖሊስ ቤተ ሙከራ ያቋቋመው ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር ያስተማረው፣ የተነካካ ነገር ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ ምልክት ትቶ ያልፋል የሚለው መርሕ ተጠርጣሪውን ብቻ ሳይሆን መርማሪውንም ይመለከታል። ዕቃው ከመነሳቱ በፊት አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ ፎቶ ይነሣ፣ ቦታው በንድፍ ይሣል፣ ጓንትም ይጠለቅ።

የጣት አሻራ ላይ ብዙ መምህራን የሚሳሳቱት በአየሩ ምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ በመሆኗ፣ ጠዋት ላይ የተማሪዎቹ ጣት ደርቆ ላብም ቅባትም ስለማይኖረው ብርጭቆው ላይ የሚቀረው አሻራ እጅግ ደብዛዛ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አሻራው እንዲታይ የሚነሰነሰውን ዱቄት መጨመር መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን የበዛ ዱቄት በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ የነበረውንም ያጠፋዋል። ይልቁንም እጃቸውን አፋትገው አሙቀው፣ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አሸት አድርገው ብርጭቆውን ይንኩ፤ ከዚያም በለስላሳ ብሩሽ ጥቂት ዱቄት ብቻ ይነስንሱና በስኮች ያንሡት።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተት ቅርፁ ስለተመሳሰለ ብቻ ባለቤቱ ተገኘ ማለት ነው። ሉፕ የሚባለው፣ መስመሮቹ ከአንድ ወገን ገብተው ታጥፈው በዚያው ወገን የሚወጡበት ዓይነት፣ ከጣት አሻራዎች ከ60 እስከ 65 በመቶውን ስለሚይዝ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙዎች ይጋሩታል። መለያው መስመር የሚቋረጥባቸውና ለሁለት የሚከፈልባቸው ነጥቦች አቀማመጥ ስለሆነ፣ ተማሪው በማጉያ መነፅር እነዚህን አንድ በአንድ ሳያነጻጽር የማንንም ስም እንዳይጠራ አጥብቀው ይከልክሉ።

የጫማ ዱካ በጀሶ ሲወሰድ ደግሞ ብጥብጡን ከላይ ማፍሰስ ዱካውን ያፈርሰዋል። እንደ እንጀራ ሊጥ የቀጠነው ጀሶ ከዱካው ጎን ፈስሶ ራሱ እንዲገባ ይደረግ። ከተነሣ በኋላም አፈሩን ወዲያው መፈቅፈቅ አይገባም፤ ቢያንስ አንድ ቀን፣ በብርድ ደግሞ ከዚያም በላይ፣ ይድረቅ።

እርጥብ ጨርቅ በፌስታል መቋጠርም ስህተት ነው፤ ይሻግታል። ከደረቀ በኋላ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ።

በመጨረሻም የተማሪዎቹን አሻራ ከነስማቸው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ወይም መዝገብ ቤት ማስቀረት ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ አሻራ እንደ ይለፍ ቃል ሊቀየር አይችልምና። ወላጆች አስቀድመው ይፍቀዱ፤ ወደ መኪና ከመውጣታቸው በፊትም እያንዳንዱ ተማሪ አሻራው ያለበትን የራሱን ካርድ ይረከብ።